የደረቀው ጽድ ይቆረጥ ወይስ ይቁም? ስለ መናገሻ ሱባ ደን ወፎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን የላኩልኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ ሲሆኑ፣ በጥቅምት ወር ተማሪዎቻቸውን ይዘው መናገሻ ሱባን እንደጎበኙ ይገልጻሉ። ጥያቄያቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በተተከለው የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ መካከል ስናልፍ ወፍ የሚባል ያለ አይመስልም ነበር፤ ወደ ጥንቱ ደን ስንዘልቅ ግን ከየአቅጣጫው የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው። ሁለቱም ደን ሆነው ልዩነቱ ከምን መጣ? በጥንቱ ደን ውስጥ ደግሞ ደርቀው የቆሙ ትልልቅ ጽዶች አየን። እነሱን ቆርጦ በምትካቸው ችግኝ መትከል ለወፎቹ አይበጅም ወይ? ክበባችን ለሚመጣው ክረምት ይህን ሐሳብ ለደኑ አስተዳደር ለማቅረብ አስቧል።»

የተከበሩ መምህር፣ ሐሳቡን ከማቅረብዎ በፊት በመጠየቅዎ አመሰግናለሁ። መልሴን ከኋለኛው ልጀምር፦ የደረቁት ጽዶች ባይነኩ ይሻላል። ሁለቱ ጥያቄዎችዎ ለየብቻ የቀረቡ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፤ በተተከለው ደን ውስጥ ያጡት ድምፅ አንዱ ምክንያት እዚያ አርጅቶ የሚደርቅ ዛፍ አለመኖሩ ነውና።

መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከሰበታ ከተማ በላይ፣ በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ያለ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከአንኮበር አካባቢ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው ተራራውን እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል፤ ይህ እውነት ከሆነ ዛሬ «የተፈጥሮ ደን» ብለን የምንጠራው የዚያ አሮጌ ተከላ ልጅና የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። ከታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ይበዛሉ፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ ይቀላቀላል፤ ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ዛፉ እያጠረ አስታና አሜጃ ይተካሉ። ወፎቹም እንዲሁ ከፍታውን ተከትለው ይለዋወጣሉ። ኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡባት አገር ስትሆን፣ መናገሻ ለወፎች ልዩ ጠቀሜታ ካላቸው ቦታዎች መካከል የተቆጠረው በዝርያ ብዛት አይደለም፤ ብዛት ከተፈለገ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይበልጡታል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በሌላው ዓለም የማይገኙ፣ የደጋ ደን ከሌለ መኖሪያ የሚያጡ ወፎች ስለሚገኙበት ነው።

አሁን ወደ ዝምታው ልመለስ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከማገዶ ረሃብ ያዳናት እሱ ስለሆነ በዛፉ ላይ የሚወርደውን እርግማን ሁሉ አልጋራም። ለወፍ ግን የሚሰጠው ጥቂት ነው። ዛፉ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው፤ እዚያ በቅጠሉ ላይ መኖር የለመዱ ነፍሳት አብረውት አልመጡም፣ የእኛ አባጨጓሬዎችና ጢንዚዛዎች ደግሞ ዘይታሙን ቅጠል እምብዛም አይደፍሩትም። ቅርፊቱን በየጊዜው እየላጠ ስለሚጥል ሸረሪትና እጭ የሚሸሸጉበት ስንጥቅ፣ እንደ ሽበት በግንድ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴና ግራጫ ልባስ የሚበቅልበት ሻካራ ገላ የለውም። ከሥሩ ያለው መሬት በቅጠሉ ውህድና በውኃ ሽሚያ ስለሚራቆት ቁጥቋጦ አይበረክትበትም። የፈረንጅ ጽዱም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው፤ ተጠጋግቶ ሲተከል ጥላው ከመጥቆሩ የተነሣ መሬቱ ላይ ከወደቀ ደረቅ ቅጠል በቀር ምንም አይታይም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የተተከለ ዛፍ የሚቆረጥበት ቀን ተወስኖለት የሚያድግ ነው። ለአጠና የሚፈለግ ባሕር ዛፍ ከአምስት እስከ ሰባት ባሉት ዓመታት ይቆረጣል፤ ከግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ እንደገና ይቆረጣል። በዚህ ዕድሜ ውስጥ ቅርንጫፉ ተሰብሮ የሚበሰብስበት፣ ግንዱ የሚቦረቦርበት ጊዜ አያገኝም።

ይህን ስል ግን የተተከለው ደን ፈጽሞ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ባሕር ዛፍ ሲያብብ በተከዜ ወንዝ ስም የምትጠራው የአበባ ማር ቀሳሚ ወፍ ከነቤተሰቧ ትወርድበታለች፤ በእንጦጦና በአዲስ አበባ ውስጥ ሳይቆረጡ ያረጁ ረጃጅም ባሕር ዛፎች ደግሞ የጥንብ አንሳና የጭላት ማደሪያ ሆነዋል። ይህ ራሱ ነገሩን ያሳያል፤ ባዕድ ዛፍ እንኳ እንዲያረጅ ሲተው ወፍ ያገኛል። በተጨማሪም ተማሪዎችዎ በዚያ ያለፉት ምናልባት ፀሐይ ከበረታ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ በየትኛውም ደን ቢሆን ድምፅ ይቀንሳል፣ ልዩነቱንም ከእውነቱ አግዝፎ ያሳያል።

የደረቀውን ጽድ በሚመለከት ረዘም ላድርግ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና። የአገራችን ጽድ እስከ 40 ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ ልቡ ዘይት የጠጣ፣ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው። ለአጥር ካስማ፣ ለቤት ማገርና ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የተመረጠው ስለዚህ ነው። ከሞተ በኋላም ይኸው ጥንካሬው ለብዙ ዓመታት ቆሞ እንዲቆይ ያደርገዋል። ነገር ግን ከላይ የቆመ ሁሉ ውስጡ ድፍን አይደለም። በሕይወት ሳለ በተሰበረ ቅርንጫፍ ወይም በእሳት ጠባሳ በኩል የገባ ፈንገስ ልቡን ቀስ በቀስ በልቶት ይሆናል፤ የውጩ ነጭ እንጨትም ከደረቀ በኋላ እየላላ የጢንዚዛ እጭ ይሞላበታል። ግንደ ቆርቁር የሚፈልገው ይህንን ነው። በመናገሻ የሚገኘው የአቢሲኒያ ግንደ ቆርቁር ጀርባው ወርቃማ፣ ቁመናው ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ወፍ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ አገር የለውም። ምንቃሩ ጠንካራ ቢሆንም ጤነኛ ጽድ ፈልፍሎ ጎጆ መሥራት ይከብደዋል፤ የሞተ ወይም የበሰበሰ ክፍል ያስፈልገዋል።

እሱ ቀዳዳውን ከሠራ በኋላ አንድ ወቅት ጫጩቶቹን ያሳድግበታል፤ ከዚያ ትቶት ሌላ ይሠራል። የተወው ቀዳዳ ግን ሥራ ፈትቶ አይቀርም። ራሳቸው ግንድ መቦርቦር የማይችሉ፣ ሆኖም ከቀዳዳ ውጭ እንቁላል የማይጥሉ ወፎች ቤት የሚያገኙት ከእሱ ወይም ከብስባሱ ነው። ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን አንዷ ናት፤ የምትተኛውም የምትፈለፍለውም በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ግንባሯ ቢጫ የሆነው ትልቋ በቀቀን፣ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነችው፣ ሰፋ ያለ ቦርቧራ ትሻለች፤ ስለዚህ የሚበጇት በጣም ያረጁ ዝግባዎችና ኮሶዎች ናቸው። ጀርባዋ ነጭ፣ ሌላው ገላዋ ጥቁር የሆነችው ነፍሳት ለቃሚ ትንሽ ወፍም የቀዳዳ ነዋሪ ናት። በወንዶ ገነት ሄደው ከሆነ ምንቃሩ ላይ ቆብ የመሰለ ቀንድ የተሸከመውን ትልቁን ወፍ አይተውት ይሆናል፤ ሴቷ በዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ ገብታ በሩ በጭቃ ተደፍኖ ምንቃር ብቻ በምታሳልፍ ስንጥቅ በኩል በወንዱ እየተመገበች ጫጩቶቿን ታሳድጋለች። ለዚህ የሚበቃ ጎድጓዳ ያለው ዛፍ ዛሬ ቢተከል የእኛ የልጅ ልጆችም አያዩትም።

አንድ የኅዳር ማለዳ የሱባ ደን ውስጥ ከአንድ ደረቅ ጽድ ትይዩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ተቀምጬ ነበር። ዛፉ ቅርፊቱ አልቆ ግንዱ እንደ አሮጌ አጥንት ነጥቷል፤ ከመሬት ስምንት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከአንድ ብር ሳንቲም ጥቂት የሰፋ ክብ ቀዳዳ አለው፤ የቀዳዳው ከንፈር ከመታሸት ብዛት ለስልሶ ጠቁሯል። ፀሐይ ግንዱን እንደነካች ግንባሩ ቀይ የሆነ ወንድ በቀቀን ራሱን ብቻ አውጥቶ ግራ ቀኝ አየ፤ ቆየ፤ ወጣ። ሴቷ፣ ግንባሯም አረንጓዴ የሆነው፣ ተከተለችው። እነሱ እንደሄዱ ዛፉ ጫፍ ላይ ጭልፊት አረፈች፤ ለማደን ሳይሆን ለመሞቅ ይመስለኛል፣ ክንፏን ዘርግታ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ነበርና። ወፍራም ምንቃር ያለው ማጅራተ ነጩ ቁራ መጥቶ አባረራት። ከዛፉ ሥር ደግሞ በወፍ ኩስ የነጣ መሬት ላይ የጽድ፣ የወይራና የቀጋ ዘር ተበትኖ ነበር፤ ከመካከሉም ጣት የማያህሉ የጽድና የወይራ ቡቃያዎች ወጥተዋል።

እነዚያ ቡቃያዎች ችግኝ ስለመትከል ላነሡት ሐሳብ መልስ ይዘዋል። የጽድ ዛፍ ወንድና ሴት ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ብቻ ስትሆን፣ ፍሬዋ ሰማያዊ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ነጣ ያለ ብናኝ የለበሰ ነው። ይህን ፍሬ ወፍ ይውጠዋል፤ ሥጋውን ፈጭቶ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ጉንጯ ነጭ የሆነችው አረንጓዴ ቱራኮ፣ ስትበር ብቻ የሚታይ ደም የመሰለ ቀይ ክንፍ ያላት፣ የዝግባን፣ የጽድንና የሾላን ፍሬ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ታዞራለች። (ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት፣ በቱራኮ ቤተሰብ ካልሆነ በቀር በሌላ ወፍ የማይታወቅ ቀለም ነው፤ ለተማሪዎችዎ የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ይጠቅማል ብዬ ነው።) ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ከአውሮፓ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ ወንዱ ጥቁር፣ ሴቷ ቡናማ ቆብ የደፉ የሚመስሉት ብላክካፖች ከነፍሳት ይልቅ የደን ፍሬ ላይ ይከርማሉ። እነዚህ ሁሉ ከበሉ በኋላ ማረፊያ ይሻሉ፤ ቅጠል የሌለው ረጅም ዛፍ ደግሞ ዙሪያውን ለማየት የተመቸ ነው። ስለዚህ የደረቀ ጽድ ባለበት የዘር ዝናብ ይዘንባል። ጽድ በድፍን ጥላ ሥር አያድግም፤ የሞተው ዛፍ አናት ላይ የከፈተው ብርሃን ለቡቃያው የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። እርስዎ በእጅዎ ሊሠሩት ያሰቡትን ዛፉና ወፎቹ ጀምረውታል፤ እንዳይሳካ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ከብት ነው፤ ከብት እየገባ የሚግጥበት ደን ውስጥ ቡቃያው ከጉልበት ሳያልፍ ይቀራል።

በጥንቱ ደን የሰሙት ድምፅ ሌላው ምንጭ ከዛፎቹ በታች ያለው ጥሻ ነው፤ ይህን ባጭሩ ልለፈው። አጋም፣ ቀጨሞ፣ ኮሽም፣ አጣጥና እንቆቆ ተጠላልፈው የሚሠሩት ጥሻ ለጎብኚ መተላለፊያ የሚዘጋ ምንጣሮ ፈላጊ ነገር ይመስለዋል፤ ሆኖም ተማሪዎችዎ «ማን ነው እንዲህ የሚዘምረው?» ብለው ከጠየቁ ምናልባት ካትበርድ የሚባለው ግራጫ ወፍ ሊሆን ይችላል። ይህ ወፍ የኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ ባልና ሚስቱ ተቀባብለው በአንድ ጉሮሮ የሚዘምሩ ያህል ስለሚገጥሙ ሁለት መሆናቸውን ለመለየት ያስቸግራል። ይበልጥ የሚሰማው ከጥሻው ውስጥ ነው፤ ጥሻው ከተመነጠረ ይሄዳል። መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል እየገለበጠ ትል የሚለቅመው የአቢሲኒያ ግራውንድ ትረሽ የሚባለው ዘማሪ ወፍም እንዲሁ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ደን ውስጥ ለሽርሽር ምቹ እንዲሆን ተብሎ ጥሻው ተመንጥሮ፣ የወደቀው ግንድ ተጠርጎ፣ ደረቁ ሁሉ ለማገዶ ተሽጦ አይቻለሁ፤ ዛፎቹ አሁንም ቆመዋል፣ ከሩቅ ሲያዩትም ያማረ ደን ነው፣ ነገር ግን ውስጡ ተቀምጦ የሚሰማው የዋኔ ድምፅ ብቻ ነው።

ደረቅ ዛፍ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። ሰው በሚመላለስበት መንገድ፣ በድንኳን መትከያ ወይም በቤት ላይ ያዘነበለ ደረቅ ዛፍ አደጋ ነው፤ የሰው ሕይወት ከቀዳዳ ይቀድማል። ያኔም ቢሆን ከሥሩ ከመጣል ይልቅ አናቱንና አደገኛ ቅርንጫፎቹን አውርዶ ሦስት ወይም አራት ሜትር ግንዱን ማቆየት ይቻላል፤ የወደቀውን ክፍል ደግሞ እዚያው መተው ነው፣ ለነፍሳትና ለእርጥበት ይጠቅማልና። የአካባቢው ሰው ማገዶ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ፤ ጭራሮ ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው በቢሮ ተቀምጦ «ደረቅ እንጨት አይነካ» ብሎ መጻፍ ይከብደዋል። በእኔ ግምት የማገዶው መልስ እርስዎ ዝም ብሎ ያገኙት የተተከለው ደን ነው፤ የተተከለውም ለዚሁ ስለሆነ ከዚያ ይቆረጥ፣ ከጥንቱ ደን የቆመ ደረቅ አይወሰድ። ሌላው ብዙ ያልተወራለት ጉዳት ማር ለመቁረጥ በዛፍ ቦርቦር ውስጥ የሚለኮስ እሳት ነው፤ ጎድጓዳ ጽድ እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ከውስጥ ይነድዳል፣ ቀፎ ግን ያለ እሳት አደጋ በቅርንጫፍ ላይ ሊሰቀል ይችላል።

ክበብዎ መትከል ከፈለገ አይከለከል፤ ቦታውን ይለውጥ። ከጥንቱ ደን ውስጥ ሳይሆን በእሱና በተተከለው መካከል ባለው ወሰን ላይ፣ ወይም ባሕር ዛፍ ተቆርጦ እንዳያቆጠቁጥ ጉቶው በተነቀለበት መሬት ላይ ቢተክል ደኑን ያሰፋለታል። ዝርያውም ጽድ ብቻ አይሁን፤ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨትና ኮሶ ተቀላቅለው ቢተከሉ፣ በመካከላቸውም ቀጋና አጋም ቢኖሩ፣ ፍሬው በተለያየ ወር ስለሚደርስ ወፍ ዓመቱን ሙሉ የሚጎበኘው ይሆናል። ዘሩ ከዚያው ደን ቢለቀም መልካም ነው፤ ለዚህም ሆነ ለተከላው የአስተዳደሩን ፈቃድ አስቀድመው ያግኙ። ከተከሉ በኋላ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ከከብት መጠበቅ ካልተቻለ ግን ባይተክሉ እመርጣለሁ፤ ችግኙ በግጦሽ ሲያልቅ ያዩ ልጆች ሁለተኛ ጊዜ ለመትከል ልባቸው አይነሣም።

ለዘንድሮ ከተከላው በፊት ሌላ ሥራ ልጠቁምዎ። የደረቁትን ዛፎች ይመዝግቡ። ተማሪዎቹ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን የቆሙ ደረቅ ዛፎች በቁጥር ለይተው፣ የዛፉን ዓይነት፣ ቅርፊት መያዝ አለመያዙን፣ ቀዳዳ ካለው በግምት ከመሬት ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ይጻፉ። ከዚያም በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ አንዱ በተተከለው ደን አንዱ በጥንቱ ደን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በአንድ ቦታ ጸጥ ብለው ለአሥር ደቂቃ ያዩትንና የሰሙትን ወፍ ይቁጠሩ፤ በሚቀጥለው ጉብኝት ቡድኖቹ ቦታ ይለዋወጡ፣ አለዚያ ልዩነቱ የደኑ ይሁን የልጆቹ ጆሮ አይታወቅም። ስሙን የማያውቁት ወፍ ቢያጋጥማቸው መልኩን፣ ያረፈበትን ከፍታና የሚሠራውን መጻፍ ይበቃል።

የቀዳዳውን አፍ በመነጽር ይመልከቱ። ጠርዙ ሻካራና ሸረሪት ድር ያደራበት ከሆነ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ለስልሶ ከጠቆረና ከሥሩ ትኩስ ኩስ ወይም ላባ ካለ ነዋሪ አለው። ያኔ ልጆቹን ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ አርቀው ያስቀምጧቸው፤ ግንዱን በድንጋይ ወይም በዱላ መምታት ፈጽሞ አይፈቀድ፣ ደጋግሞ የተደናገጠ ወፍ እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳልና። መዝገቡ ሲሞላ ለደኑ አስተዳደር ሲሰጡ የእያንዳንዱን ዛፍ ቦታ በስልክዎ ካርታ አስይዘው ይስጡ፤ ደረቅ ዛፍ ለመጣል መጋዝ ይዞ የሚወጣው ሠራተኛ በእጁ የሚያስፈልገው ያ ነው።